ዚ-ዌቭ ዕቃ ሲያገናኙ ምስጠራ መቼ ያስፈልጋል?

ዚ-ዌቭ (Z-Wave) የቤት ዕቃዎች ያለ ገመድ፣ በሬዲዮ የሚነጋገሩበት ኔትወርክ ነው። የሚያገናኙት የበር ቁልፍ፣ የጋራዥ መክፈቻና የማንቂያ ደወል ከሆነ አያመንቱ፤ በምስጠራ ያገናኙ። ለሶኬት፣ ለአምፖልና ለሙቀት ሴንሰር ግን ዕቃው በየትኛው የምስጠራ ዓይነት እንደሚሠራ ይዩ።

አሮጌው የምስጠራ ዓይነት ኤስ0 (S0) አንዲት ትእዛዝ ለማድረስ ሦስት መልእክት ይፈጃል፦ ላኪው የአንድ ጊዜ ቁጥር ይጠይቃል፣ ተቀባዩ ይልክለታል፣ የተመሰጠረው ትእዛዝ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። የኤሌክትሪክ ፍጆታን በየ5 ሰከንዱ የሚዘግብ ሶኬት በዚህ መንገድ ከተገናኘ አየሩን ያጨናንቀዋል። መብራት ዘግይቶ ይበራል፣ በባትሪ የሚሠሩ ዕቃዎች ባትሪም ቶሎ ያልቃል። እንዲህ ያለውን ያለ ምስጠራ ማገናኘት ይሻላል፤ የሪፖርቱንም ጊዜ ወደ 5 ደቂቃ ያራዝሙት። በእርግጥ በአቅራቢያ ያለና የዚ-ዌቭ ትእዛዝ የሚልክ መሣሪያ ያለው ሰው ሶኬቱን ሊያበራና ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ማሞቂያ የተሰካበት ሶኬት እንደ በር ቁልፍ ይቆጠር።

አዲሱ የምስጠራ ዓይነት ኤስ2 (S2) ይህ ጣጣ የለበትም፤ ካለ ሁልጊዜ ይጠቀሙበት። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2017 ወዲህ የምስክር ወረቀት ያገኘ ዕቃ ሁሉ አለው። ሲያገናኙ ዕቃው ላይ ከተለጠፈው ረጅም ቁጥር የመጀመሪያዎቹን 5 አኃዞች ያስገባሉ። ከተሳሳቱ ዕቃው ያለ ምስጠራ ሊገባ ይችላል፤ ስሙ በሃቡ (ዕቃዎቹን በሚቆጣጠረው ማዕከል) ዝርዝር ላይ ስለሚታይ የተሳካ ይመስላል፣ የበር ቁልፍ ግን ትእዛዝ አይቀበልም። የደኅንነት ደረጃውን ሃብዎ ላይ ያረጋግጡ። በኋላ ለመቀየር ማብሪያ ማጥፊያ የለውም፤ ዕቃውን ከኔትወርኩ አስወጥቶ እንደገና ማስገባት ነው።