ለሚና ጨዋታ አደገኛ ፌይ አመራረጥ
ለሚና ጨዋታ፣ ማለትም ተጫዋቾች የገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው ታሪክ አብረው ለሚፈጥሩበት ጨዋታ፣ ፌይ ከሚባሉት የአውሮፓ ተረት ፍጥረታት ስትመርጡ ከክፋታቸው ይልቅ ሕጋቸውን አስቀድሙ፤ የሰውን ጽድቅና ኩነኔ አያውቁም፣ የገቡትን ቃል ግን አንዲት ፊደል ሳይስቱ ይፈጽማሉ። እኔ የስኮትላንዱን ኬልፒ እመርጣለሁ፦ ገራም ፈረስ መስሎ ውኃ ዳር ይቆማል፣ የነካው እጅ ከቆዳው ላይ ይጣበቃል፣ ጋላቢውንም ይዞ ይሰጥማል። ደሴ ላይ ጨዋታ ስመራ፣ ከከተማዋ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው የሐይቅ ዳርቻ አቆምሁት፤ ተጫዋቾቹ ከጋማው ውኃ ሲንጠባጠብ እያዩ፣ ከገበያ የጠፋ ፈረስ ነው ብለው ሁለቱ ወጡበት። ድክመትም ስጡት፤ በተረቶቹ ብዙ ፌይ ብረት ስለሚፈሩ (የእኛም ሰው ጂን ለማራቅ ብረት ይይዛል) አንዲት ማጭድ ነፍስ ልታድን ይገባል። ዛርንና ውቃቢን ግን ለጭራቅነት አላውላቸውም፤ በወሎ ዛሬም የሚያምንባቸው አለና።