ፓምፑ ይዞራል ግን ውሃ አይገፋም?

ፍሳሽ ማጣሪያ ላይ መካኒክ ለሆናችሁ ልጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ፓምፕ ተጠግኖ ኬብሉ ተመልሶ ከታሰረ በኋላ ሞተሩ እየዞረ ውሃው ግን ደከም ብሎ ከመጣ ወዲያው ለመፍታት አትሩጡ። መጀመሪያ አዟዟሩን እዩት። ባለ 3 ፌዝ ሞተር (በ3 የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራው) ሁለቱ ፌዝ ከተቀያየሩ በተቃራኒ ነው የሚዞረው፣ ሴንትሪፉጋል ፓምፕ (ውሃውን በማሽከርከር የሚገፋው) ደግሞ በተቃራኒ ዞሮም ትንሽ ትንሽ ስለሚገፋ ይሸውዳል። እኔ አንዴ ኢምፔለሩ፣ ማለትም ፓምፑ ውስጥ እየዞረ ውሃ የሚገፋው ክፍል ላይ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል ብዬ (ብዙ ጊዜ እሱ ነዋ ችግሩ) ግማሽ ቀን ስፈታ ውዬ ለካ 2 ገመድ ተቀያይሮ ነው የታሰረው 😅 አሁን ጉድጓድ ውስጥ ከማውረዴ በፊት እጄን አርቄ ለአፍታ አስነሳውና ቀፎው ላይ ካለው ቀስት ጋር አስተያያለሁ። ስትፈቱ ግን ብሬከሩን ቆልፋችሁ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱት፣ ለጓደኛም አትስጡ።