ቀለል ያለ ፒዲኤፍ ማንበቢያ፣ ከሶኬት የተነቀለ ሪሲቨር

አዳማ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፕ ጭን ላይ አድርጎ ማንበብ አይሞከርም። ቬንቲሌተሩ ባንድ በኩል ይጮሃል፣ የላፕቶፑ ማራገቢያ በሌላ በኩል። ሙቀቱ አንድ ነገር ነው፤ ግን የተከፈተው አንድ ፒዲኤፍ ብቻ ሆኖ ማሽኑ እንዲህ የሚያቃስት ከሆነ ከጀርባ የሚሠራ ነገር አለ ማለት ነው።

እሱን ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፋይላችሁን ክፈቱ፣ እጃችሁን ከማውሱ ላይ አንሱ፣ ትንሽ ታገሡና ሲፒዩ የሚለውን ዓምድ እዩ። ማንበቢያው ገጽ ቆሞለት ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። ካልተጠጋ ቀይሩት። ስታርትአፕ የሚለውንም ክፍል ሳታዩ አትዝጉት፤ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ሳይጠሩት የሚነሳ ፕሮግራም እዚያ ስለሚገኝ የማትፈልጉትን አጥፉ።

ለተራ ንባብ እኔ የምመክረው ሱማትራ ፒዲኤፍን ነው። ነፃ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ያረጀ ማሽን ላይም ቶሎ ይከፈታል፤ ያቆማችሁበትን ገጽም ያስታውሳል፣ ይሄ ደግሞ ወፍራም ሃንድአውት ለሚያነብ ተማሪ ቀላል ነገር አይደለም። ፎርም መሙላት ግን አይሆንለትም፤ የሚሠራውም ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው።

ፎርም መሙላት፣ ማስመር፣ ዳር ላይ ማስታወሻ መጻፍ የሚፈልግ ኦኩላርን ይሞክር። ኬዲኢ የሚባለው የነፃ ሶፍትዌር ማኅበረሰብ ሥራ ነው፤ ሊኑክስም ዊንዶውስም ላይ ይሄዳል። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ብላወር ኤንግል የተባለውን የጀርመን የአካባቢ ጥበቃ ምልክት በማግኘት ከሶፍትዌሮች የመጀመሪያው ሆኗል። ምልክቱን ለማግኘት ፕሮግራሙ ሲሠራም ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥም የሚወስደው ኃይል ይለካል፣ የአምስት ዓመት ዕድሜ ባለው ኮምፒውተር ላይ መሥራቱም ይታያል። ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ሰልቫጅ፣ ማለትም ያገለገለ ላፕቶፕ ስለሆነ ሁለተኛዋ ነጥብ ለእኛ ሳትበልጥ አትቀርም።

አክሮባት ሪደር መጥፎ አይደለም፣ ግን ከባድ ነው፤ አፕዴት የሚጠብቅ አገልግሎትም ከጀርባ ያስኬዳል። ዲጂታል ፊርማ ወይም ሌላው አልከፍት ያለው ፎርም ከሌለባችሁ ቢቀርስ? ሁለት ገጽ ደብዳቤ ለማየት ደግሞ ብራውዘሩ ራሱ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ማንበቢያው ላይ አታላክኩ። ፓወር ግዕዝን በመሳሰሉ የድሮ ፎንቶች የተጻፈ የአማርኛ ፋይል ላይ ቃል ፈልጋችሁ ብታጡ፣ ወይም ኮፒ ስታደርጉ የእንግሊዝኛ ፊደል ቅልቅል ቢወጣ፣ ችግሩ ከፋይሉ ነው። ስካን የተደረገ መጽሐፍም ያው ፎቶ ነው፣ ውስጡ ፊደል የለም። ሶፍትዌር ብትቀያይሩ ውጤቱ አይለወጥም።

ስልክ ላይ አጭር መመሪያ፦ በየገጹ ማስታወቂያ የሚዘረግፍ ወይም ኮንታክታችሁን ካላየሁ የሚል ማንበቢያ ወዲያው ይጥፋ። ጥቁር ገጽታ ባትሪ የሚቆጥበው ኦሌድ ስክሪን (ጥቁር የሆነውን ቦታ ጨርሶ የሚያጠፋ) ባለው ስልክ ላይ ነው፤ ተራው ላፕቶፕ ላይ ግን ብርሃኑን መቀነስ ነው የሚያዋጣው።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። በሪሞት የጠፋ ዕቃ አልጠፋም፣ ቀዩ መብራት እየነገራችሁ ነው። የሚበላውን ለማወቅ ቆጣሪውን ተጠቀሙ። ፍሪጁን ለጥቂት ደቂቃ ንቀሉ፣ አምፖሉን ሁሉ አጥፉ፣ የቀረውን እንደ ወትሮው ተዉትና ቆጣሪው ላይ ብልጭ የምትለዋን ትንሽ መብራት በሰዓት ያዙ። በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ፊቱ ላይ ተጽፏል። 1000 የሚል ከሆነና በየደቂቃው አንዴ ብልጭ ካለች፣ ማንም ያልነካው ዕቃ 60 ዋት እየወሰደ ነው። ከዚያ አንድ አንድ እየነቀላችሁ ተመልከቱ፤ ሌባው ራሱ ይወጣል።

ብዙ ጊዜ ሌባው የዲሽ ሪሲቨሩ ነው። 10 ዋት የሚወስድ ቢሆን፣ ቀን ከሌት ተሰክቶ በ30 ቀን 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ባለ 3 ሺህ ዋት ምጣድ ከሁለት ሰዓት በላይ ያሠራል እኮ፤ እንጀራ ተጋግሮበት ነበር! የቤት ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በየእርከኑ ስለሚወደድ፣ ወደ ላይኛው እርከን የምትገፋችሁ እንዲህ ያለችው ናት። ባዶውን የተሰካ የስልክ ቻርጀር ግን ያን ያህል አያስጨንቃችሁ፤ ጤነኛ ከሆነ ግማሽ ዋት እንኳ አይሞላም።

ቴሌቪዥኑን፣ ሪሲቨሩንና ስፒከሩን ማጥፊያ ባለው አንድ ዲቫይደር ላይ ሰብስቡና ማታ በአንድ ጣት ዝጉት። ምጣድና ምድጃ ዲቫይደር ላይ አይሰካም፣ ይቀልጣል። ዋይፋዩን ለብቻው ሰኩት፣ አለዚያ የቤቱ ልጅ ዲቫይደሩን መልሶ ይከፍተዋል። ስታቢላይዘርም ምንም ሳይሰካበት ይሞቃል፤ ያ ሙቀት የተከፈለበት ነው። የቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ የፍሪጁን ተዉ። ዴስክቶፕ ካላችሁ መጀመሪያ ሻትዳውን፣ ከዚያ ዲቫይደር። ኢንክጄት ፕሪንተርም በራሱ ቁልፍ ይጥፋ፣ የቀለም አፉን የሚሸፍነው ያኔ ነውና፤ በድንገት ከነቀላችሁት ቀለሙ ይደርቃል።

መብራት ሲጠፋም ያው ነው። ከአዳማ ወጣ ሲባል ጋራው ላይ የሚታዩት የነፋስ ተርባይኖች 51 እና 153 ሜጋዋት ያላቸው ሁለት ጣቢያዎች ናቸው፤ ኃይላቸው ግን ወደ ብሔራዊው መረብ ስለሚገባ እነሱ እየዞሩ እኛ ሻማ መለኮሳችን አይቀርም። በጠፋ ጊዜ ስፒናዎቹን ንቀሉ፣ አንድ አምፖል ብቻ በርቶ ይቆይ። መብራቱ ሲመጣ ዘሎ ሊመጣ ስለሚችል አምፖሉ ሳይርገበገብ እስኪረጋ ጠብቁ፤ ፍሪጁን ደግሞ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ሰኩት።