ዊንዶውስና ኡቡንቱን አንድ ኮምፒውተር ላይ ስትጭኑ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

የእህቴ የሠርግ ፎቶ ከላፕቶፔ የጠፋው በአንድ ክሊክ ነው። ሌሊት ነበር። ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ሲስተም ከዊንዶውስ ጎን ልጭን ቁጭ ብያለሁ፣ እንቅልፍ ይዞኛል። መጫኛው «ዲስኩን አጥፍተህ ኡቡንቱን ጫን» የሚል ምርጫ አቀረበልኝ። «ጫን» የሚለውን አየሁ፤ «አጥፍተህ» የሚለውን አላየሁም። እህቴ እስከ ዛሬ በየበዓሉ ታነሳብኛለች።

ከዚያ ወዲህ የብዙ ዘመድ ወዳጅ ላፕቶፕ ላይ ሁለቱን ጭኛለሁ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ካበቃ በኋላማ ጠያቂው በዛ። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11ን አይቀበልም፣ ባለቤቱ ደግሞ ከለመደው ኤክሴል መለየት አይፈልግም። እሺ፣ ሁለቱም ይኑሩ። ግን ሁለት ተከራይ አንድ ግቢ ሲገባ ጠቡ የሚነሳው በየክፍላቸው አይደለም። በጋራ በሩ፣ በጋራ ቧንቧውና በጋራ ቆጣሪው ነው። እዚህም ያው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የኔው ነው፤ ባክአፕ ሳይዙ መጀመር። ፎቶና ሰነዳችሁን ውጫዊ ዲስክ ላይ ገልብጡና ዲስኩን ንቀሉት። ተሰክቶ ከቆየ እሱንም በስህተት ልታጠፉት ትችላላችሁ። ኡቡንቱን የምትጭኑበት ፍላሽም ሲዘጋጅ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ባዶ ፍላሽ ተጠቀሙ።

ሁለተኛው፣ «ከዊንዶውስ ጎን ጫን» የሚለው ምርጫ ሳይመጣ ሲቀር ዝም ብሎ መቀጠል። እዚህ ላይ ቁሙ። ምርጫው የሚጠፋው በምክንያት ነው። ኮምፒውተር የሚነሳበት ሁለት ሞድ አለ፤ አሮጌው ሌጋሲና አዲሱ ዩኢኤፍአይ። ብዙ ጊዜ ፍላሹ የተነሳው በሌጋሲ ሆኖ ዊንዶውሱ ግን በዩኢኤፍአይ የተጫነ ሲሆን ነው። ዊንዶውስ ውስጥ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ከፍታችሁ «ባዮስ ሞድ» የሚለውን መስመር እዩ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚመጣው የቡት ዝርዝር ውስጥ ያው ፍላሽ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ካገኛችሁት፣ ከዊንዶውሱ ሞድ ጋር የሚሄደውን ምረጡ።

ሌላው ምክንያት ቢትሎከር፣ ማለትም ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መቆለፊያ ነው። ሰው የሚያስለቅሰው እሱ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ብዙ የዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስካቸው የተቆለፈ ነው። ከተቆለፈ የኡቡንቱ መጫኛ አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውስን ፓርቲሽን (ዊንዶውስ ያለበትን የዲስክ ክፍል) አሳንሶ ቦታ ማግኘት አይችልም። ይባስ ብሎ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ገብታችሁ ሴኪዩር ቡትን፣ ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሳ የሚጠብቀውን፣ ብትነካኩ፣ በቀጣዩ ጊዜ ዊንዶውስ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ አምጡ ይላችኋል። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ነው። አካውንቱን የከፈተው ግን ማን ነው? እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ላፕቶፑን የሸጠው ወይም ያስተካከለው ልጅ ነው፤ ስልኩም ተቀይሯል። ስለዚህ ምንም ሳትነኩ በፊት ቁልፉን ፈልጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያ ቢትሎከርን አጥፉና ዲስኩ ተፈትቶ እስኪያልቅ ጠብቁ። ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ቡና አፍሉ።

ቦታ የመክፈሉን ሥራ ለሊኑክስ አትተዉት። የዊንዶውስን ፓርቲሽን የሚያሳንሰው ዊንዶውስ ራሱ ቢሆን ይሻላል፣ በዲስክ ማኔጅመንት በኩል። የተረፈውን ቦታ ባዶውን ተዉት፣ አዲስ ፓርቲሽን አትሥሩበት። ለኡቡንቱ 25 ጊጋባይት ይበቃል ይባላል፤ እኔ ከ50 በታች አልሰጥም። ይህን ሁሉ ስትሠሩ ደግሞ የላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ ይሁን። ዴስክቶፕ ከሆነና ዩፒኤስ ከሌላችሁ ሰፈራችሁ መብራት የማይሄድበትን ሰዓት ምረጡ። ፓርቲሽን እየተቆረጠ መብራት ከሄደ የማን ጥፋት እንደሆነ መከራከር አይጠቅምም።

ዲስኩ ላይ 100 ሜጋባይት አካባቢ የሆነች ትንሽ ፓርቲሽን ታያላችሁ። «ይቺ ምን ትሠራለች» ብሎ የሰረዛት ሰው አውቃለሁ። የጋራ በሩ እሷ ናት። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሁለቱንም ሲስተም የሚያገኘው በእሷ በኩል ነው። አትሰርዟት፣ ፎርማትም አታድርጓት።

ፋስት ስታርትአፕን ሳያጠፉ መቀጠልም የተለመደ ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ሻት ዳውን» ስትሉት ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ከፊሉ ይተኛል። ሊኑክስ ተነስቶ የዊንዶውስን ፋይሎች ሊከፍት ሲል በሩ ያልተዘጋ ቤት ያገኛል። ወይ አልከፍትም ይላል፣ ወይ ማንበብ ብቻ ይፈቅድላችኋል። በግድ ካስከፈታችሁት ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ከፓወር ኦፕሽንስ ታጠፉታላችሁ።

ሰዓቱ ቀላል ነው፣ ግን ያናድዳል። ኡቡንቱ ተጠቅማችሁ ወደ ዊንዶውስ ስትመለሱ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። የኛና የፈረንጅ ሰዓት ልዩነት 6 ስለሆነ እሱም አይደለም፤ መጀመሪያ ጊዜ በጣም ግራ ገብቶኝ ነበር። ነገሩ ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይሞላዋል፣ ዊንዶውስ ደግሞ የአካባቢ ሰዓት መስሎት ያነበዋል። ኢትዮጵያ ከዚያ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም ነው። ኡቡንቱን በአንድ ትእዛዝ «አንተም በአካባቢ ሰዓት አንብብ» ማለት ይቻላል።

መጨረሻ ላይ ኡቡንቱን ያልወደደ ሰው የሚሠራው ስህተት አለ። ዊንዶውስ ገብቶ የሊኑክሱን ፓርቲሽን ይሰርዛል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የኡቡንቱ ማስነሻ (ግራብ) ፋይሎቹን ያጣና «ግራብ ሬስኪዩ» የሚል ጥቁር ስክሪን ያፈጥበታል። መጀመሪያ ባዮስ ገብታችሁ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር»ን ከዝርዝሩ አንደኛ አድርጉት። ዊንዶውስ በራሱ ሲነሳ ካያችሁ በኋላ ነው የምትሰርዙት።