ካርታ ማጠፍ ያልለመደ ሰው፦ ፖከር ሲጀምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ቅዳሜ ማታ። ከእናቴ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ዳንቴሉ ይነሳና ካርታው እንዳይንሸራተት ብርድ ልብስ ይነጠፋል። ብር አናስይዝም። ነጭ ቦሎቄ አንድ፣ ሽምብራ አምስት፣ የለስላሳ ቆርኪ ሃያ አምስት ተብሎ ይቆጠራል። እያንዳንዱ ሰው 4 ቆርኪ፣ 14 ሽምብራና 30 ቦሎቄ ይዞ ይጀምራል፤ ድምሩ 200 ነው። ሲመሽ ትንሽ የቀረው ሰው እሁድ ጠዋት ለተጫወቱት ቤቶች ሁሉ ውሃ ከታች ይሸከማል። ሃያ ሊትር ጀሪካን ይዞ አራት ፎቅ የወጣ ሰው ይህ ቀላል መያዣ እንዳልሆነ ያውቃል።

ጎረቤቶቼን ፖከር ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ የማያቸው ስህተቶች አንድ ዓይነት ናቸው። የጭነት መኪና ሹፌሩም፣ ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህርም፣ ታናሽ እህቴም የተሰናከሉት እዚያው ቦታ ላይ ነው። ሁላችንም ካርታ የለመድነው በኮንከርና በክሬዚ ስለሆነ እጃችን የዚያን ጨዋታ ልማድ ይዞ ይመጣል።

የምንጫወተው ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይሰጣል። ከዚያ መሃል ላይ ለሁሉም የሚሆኑ አምስት ካርታዎች ይገለጣሉ፦ መጀመሪያ ሦስት፣ ፍሎፕ ይባላሉ፤ ቀጥሎ አንድ፣ ተርን፤ በመጨረሻ አንድ፣ ሪቨር። ፍሎፕ ከመውጣቱ በፊትና ከእያንዳንዱ መግለጥ በኋላ ተራ በተራ ይወራረዳሉ፤ ይህም አራት ዙር ነው። ከአዳዩ በስተግራ ያሉት ሁለት ሰዎች ካርታቸውን ሳያዩ ብላይንድ የሚባለውን የግዴታ ውርርድ ያስቀምጣሉ፤ በእኛ ቤት አንዱ 1፣ ሌላው 2 ቦሎቄ።

የተሰጣችሁን ሁሉ መጫወት

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይህ ነው። በኮንከር የደረሳችሁን ካርታ ይዛችሁ እየጣላችሁና እያነሳችሁ ታሻሽሉታላችሁ። በፖከር ግን የያዛችሁት ሁለት ካርታ አይለወጥም። መጥፎ ከሆነ ያለው መድኃኒት ማጠፍ ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛው ፎልድ ይለዋል፣ እኛ ጠረጴዛ ላይ «አጠፍኩ» እንላለን።

መምህሩ መጀመሪያ አካባቢ 9 እና 3 ደርሷቸው ሪቨር ድረስ ሲከፍሉ አየሁና «ጋሼ፣ ይህን እኮ ቢያጥፉት ይሻላል» አልኳቸው። «ልጄ፣ የተሰጠኝን ጉርሻ መልሼ አላውቅም፤ ካርታ እንዴት ልመልስ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ለእኛ ሰው ማጠፍ ሽሽት ይመስለዋል፤ ጨዋታውን እንደ መናቅም ይቆጥረዋል። ስለዚህ አሁን ማንንም ሳስተምር የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ስለ ማጠፍ ብቻ እናገራለሁ።

ቁጥሩን እንየው። ከ52 ካርታ ሁለቱን የመውሰጃ መንገድ 1,326 ነው። ጥንድ የሚደርሳችሁ በአማካይ ከ17 አንዴ ነው። ሁለት አስ ከ221 አንዴ። ስለዚህ አብዛኛው እጅ ተራ ነው። ስድስት ሆናችሁ ስትጫወቱ፣ ለጀማሪ ከአራት እጅ ሦስቱን ማጠፍ ብዙ የሚባል አይደለም። መጫወት ያለባችሁ ጥንዶችን፣ ጥሩ አጃቢ ያላቸውን አስ እና ኪንግ፣ እንዲሁም እንደ ጃክና 10 ያሉ ተከታትለው የሚሄዱ ከፍ ያሉ ካርታዎችን ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱ ካርታ አንድ ዓይነት ምልክት ሲሆን የሚመጣ ፈተና አለ። «ሁለቱም ልብ ናቸው» ብሎ 8 እና 3 የሚጫወት ሰው በየሳምንቱ አያለሁ። ገና በፍሎፕ ላይ አምስቱ ሞልተው ፍላሽ (አምስቱም አንድ ዓይነት ምልክት) የሚሆኑት ከ119 ጊዜ አንዴ ግድም ነው። የአንድ ዓይነት ምልክት ጥቅም አለ፣ ግን ትንሽ ነው፤ መጥፎ እጅን ጥሩ አያደርግም።

ማን እንዳሸነፈ በትክክል አለማንበብ

ደንቡን በልቡ የያዘ የሚመስለው ሰው እንኳ ጨዋታው ሲያልቅ እዚህ ይሳሳታል። ከሁለቱና ከመሃሉ አምስት፣ በድምሩ ከሰባቱ፣ የሚቆጠረው ምርጡ አምስት ብቻ ነው። ስድስተኛ ካርታ የለም።

አንድ ማታ መሃል ላይ አስ፣ 9፣ 8፣ 6፣ 2 ወጡ። ሹፌሩ አስና 4፣ እህቴ አስና ጃክ ይዘዋል። ሁለቱም የአስ ጥንድ ስላላቸው ሹፌሩ «እኩል ነን፣ እንካፈል» ብሎ እጁን ዘረጋ። ነገር ግን የእህቴ አምስት አስ፣ አስ፣ ጃክ፣ 9፣ 8 ነው፤ የሱ አስ፣ አስ፣ 9፣ 8፣ 6። ጃኩ ለየው። ይህ አጃቢ ካርታ ኪከር ይባላል፤ ደካማ አጃቢ ያለው አስ የጀማሪን ቦሎቄ ከሚበሉት እጆች ዋነኛው ነው።

ተቃራኒውም አለ። መሃል ላይ ሁለት ኪንግ፣ ሁለት 10 እና አንድ አስ ቢወጡ፣ የ3 ጥንድ የያዘና 9 እና 7 የያዘ ሰው እኩል ናቸው። የሁለቱም ምርጥ አምስት መሃል ያለው ራሱ ነው። የ3ቱ ጥንድ ሦስተኛ ጥንድ ሆኖ አይቆጠርም።

ሌሎቹን ባጭሩ፦ አስ ከ2፣ 3፣ 4፣ 5 በታች ወይም ከኪንግ በላይ ሆኖ ተከታታይ ይሠራል፤ ኩዊን፣ ኪንግ፣ አስ፣ 2፣ 3 ግን ተከታታይ አይደለም። ልብ ከአበባ አይበልጥም፣ ምልክቶች ሁሉ እኩል ናቸው። ፍላሽ ተከታታይን ይበልጣል፤ ፉል ሃውስ (ሦስት አንድ ዓይነት ቁጥርና አንድ ጥንድ) ደግሞ ፍላሽን። የሚጠራጠር ካለ መቁጠር ይቻላል፦ ከ2,598,960 ባለ አምስት ካርታ እጆች ውስጥ ተራ ተከታታይ 10,200፣ ፍላሽ 5,108፣ ፉል ሃውስ 3,744 ናቸው። ያነሰው ይበልጣል።

ዋጋውን ሳይጠይቁ መከተል

ሁለት ልብ ይዛችኋል፣ መሃል ላይ ሁለት ልብ ወጥቷል፣ አንድ ጎድሏል። ተርን ላይም አልመጣም። አሁን የቀረው አንድ ካርታ ነው። ሹፌሩ እንዲህ ሲሆን «አንድ ብቻ እኮ ነው የጎደለኝ» እያለ የተጠየቀውን ሁሉ ይከፍል ነበር።

ያስረዳሁት በራሱ ሥራ ነው። የአዳማው የክፍያ መንገድ ከእኛ ሰፈር ጥግ ነው የሚጀምረው። «ባዶ መኪና ይዘህ በክፍያው መንገድ ትገባለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ምን በወጣኝ! በአሮጌው መንገድ እሄዳለሁ። ጭነት ይዤ ከቸኮልኩ ግን እከፍላለሁ» አለኝ። እኔም «በቃ፣ ይኸው ነው» አልኩት። የሚከፈለው ከሚገኘው ጋር ተመዝኖ ነው የሚያዋጣ ወይም የማያዋጣ የሚሆነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ያላያችኋቸው 46 ካርታዎች አሉ፤ ከነሱ 9ኙ ልብ ናቸው። ዕድላችሁ ከአምስት አንዴ ግድም ነው። መሃል 60 ቢኖርና ተጋጣሚያችሁ 60 ቢወራረድ፣ 120 ለማግኘት 60 ትከፍላላችሁ፤ ይህ እንዳያከስር ከሦስት አንዴ መሳካት አለበት። ስለዚህ ታጥፋላችሁ። 15 ብቻ ቢወራረድ ግን 75 ለማግኘት 15 ነው የምትከፍሉት፤ ከስድስት አንዴ ቢሳካ ይበቃል። ያን ጊዜ ትከተላላችሁ። ካርታው ያው ነው፣ የተለወጠው ዋጋው ነው።

በጭንቅላት ለመሥራት አቋራጭ አለ። የሚያሟሉላችሁን ካርታዎች ቆጥራችሁ አንድ ካርታ ሲቀር በ2፣ ሁለት ሲቀር በ4 አባዙት፤ በመቶኛ ግምቱን ታገኛላችሁ። 9 ካርታ በ2፣ 18 ከመቶ፤ በ4፣ 36 ከመቶ። ትክክለኛው 20 እና 35 ግድም ስለሆነ በቂ ነው። በ4 ማባዛት ያለባችሁ ግን ሁለቱንም ካርታ ተጨማሪ ሳትከፍሉ የምታዩ ከሆነ ብቻ ነው። መምህሩ እንኳ፣ ሒሳብ አዋቂው፣ መጀመሪያ ይህን ረስተው ተርን ላይ ሁለተኛ ሲጠየቁ ደነገጡ።

የት እንደተቀመጡ አለማስተዋል

በእኛ ጠረጴዛ አዳዩ ማን እንደሆነ የሚያሳየው የጀበናው ማቶት ነው። በየእጁ ወደ ግራ ይዞራል። ማቶቱ ፊቱ ያለ ሰው ከፍሎፕ በኋላ የመጨረሻው ተናጋሪ ነው፤ ሌሎቹ ምን እንዳደረጉ አይቶ ይወስናል። ከማቶቱ በስተግራ ያለው ደግሞ ምንም ሳያይ ይጀምራል። ጃክና 10 ማቶቱ ፊታችሁ ሲሆን ደህና እጅ ነው፤ ቀድማችሁ የምትናገሩ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ መታጠፍ ያለበት ነው። ጀማሪ ይህን አያምንም፤ ያው ካርታ እንዴት ቦታ ሲቀይር ዋጋው ይቀየራል ይላል። አንድ ወር ልብ ብሎ ቢያይ ያምናል።

ጥሩ እጅ ሲይዙ መደበቅ

እህቴ ሁለት አስ ደረሳትና እንዳትታወቅ ብላ ሳትጨምር ዝም አለች። ስድስታችንም በ2 ቦሎቄ ገባን፤ እኔ በ7 እና 5 ሁለት ጥንድ ሠርቼ ወሰድኩባት። ሁለት አስ ከአንድ ሰው ጋር ሲገጥም 85 ከመቶ ያህል ያሸንፋል። ካልታወቁ አምስት እጆች ጋር ሲገጥም ግን ወደ 49 ይወርዳል። ስለዚህ ጥሩ እጅ ሲመጣ ጨምሩ፤ ሰው ይቀንስ፣ የሚቀረውም ዋጋ ከፍሎ ይቅር።

ለማያጥፍ ሰው ብለፍ ማድረግ

ፖከርን በፊልም ያወቀ ሰው ጨዋታው ሁሉ ማታለል ይመስለዋል። እህቴ ባዶ እጇን ይዛ 50 ስትወረውር ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው እናቴ ነበረች። እናቴ ደግሞ «እስቲ ልየው» ሳትል ያለፈችበት ማታ የለም። ብለፍ፣ ማለትም ደካማ እጅ ይዞ በውርርድ ማስፈራራት፣ የሚሠራው ማጠፍ በሚችል ሰው ላይ ነው።

እንደ ፈረንጆቹ በ2003 ክሪስ መኒሜከር የሚባል የሒሳብ ሠራተኛ 839 ሰዎች የገቡበትን የዓለም ፖከር ዋና ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ከሳም ፋርሃ ጋር ሁለት ብቻ ሲቀሩ ያደረገው ብለፍ እስከ ዛሬ ይወሳል። ፋርሃ የ9 ጥንድ ነበረው፤ መኒሜከር ከኪንግ በቀር ምንም። ልብ ማለት ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተርን ላይ መኒሜከር ፍላሽም ተከታታይም ሊሞላለት ይችል ነበር፤ ባዶውን አልጀመረም። ሁለተኛ፣ የገጠመው ልምድ ያለውና ጥንዱን ሊያጥፍ የሚችል ተጫዋች ነበር፤ አጠፈም። እናቴ ብትሆን ኖሮ ዋንጫው እሷ ጋ ነበር።

የጠረጴዛ ሥርዓት

ተራችሁ ሳይደርስ አትናገሩ። ስትጨምሩ መጠኑን መጀመሪያ ተናገሩ ወይም ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስቀምጡ፤ 10 አስቀምጦ ፊት እያዩ ሌላ 10 መጨመር አይፈቀድም። ከአፍ የወጣ ይጸናል። ጭማሪ ቢያንስ ከቀደመው ጭማሪ ጋር እኩል መሆን አለበት። ያጠፋችሁትን ካርታ ጨዋታው ሳያልቅ አታሳዩ፤ የሌላውን ሰው ውሳኔ ያበላሻል።

ቦሎቄውን በብር መለወጥ

አንድ ጊዜ ሞክረነዋል። ሁለት ሳምንት አልቆየም። የተበላው ሰው የበላውን ደረጃ ላይ ሲያገኘው ሰላምታው ቀዘቀዘ፤ ከዚያ እናቴ ብርድ ልብሱን አጥፋ አስቀመጠችው። የተመለሰው ጀሪካኑ ከታሰበ በኋላ ነው። ለመማር የሚያስፈልገው ማጠፍ እንድትፈልጉ የሚያደርግ ትንሽ መያዣ ነው፤ የቤት ኪራይና የልጅ ወተት ብር ጠረጴዛው ላይ ከመጣ ግን ማንም በትክክል አያስብም።

በውጤት መፍረድ

ሹፌሩ 7 እና 2 አጥፎ ፍሎፕ ላይ 7፣ 7፣ 2 ሲወጣ ራሱን ይዞ ጮኸ። በቀጣዩ ሳምንት 7 እና 2 ሲመጣለት ተጫወተው፣ ቆርኪዎቹንም ጨረሰ። አሜሪካዊው ተጫዋች ዶይል ብራንሰን እንደ ፈረንጆቹ በ1976 እና በ1977 ያንኑ የዓለም ፖከር ዋና ውድድር ሲያሸንፍ በሁለቱም ዓመት የመጨረሻው እጁ 10 እና 2 ነበር፤ ሁለቱም ጊዜ ፉል ሃውስ ሆነለት። ካርታዎቹ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። ይህን ሰምቶ 10 እና 2 ሲያይ የሚጨምር ጀማሪ ይከስራል።

መምህሩ ለዚህ ያገኙት ዘዴ ከእኔ ይሻላል። ደብተር ይዘው ይመጣሉ፤ ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፍለው በአንዱ በኩል «ውሳኔ»፣ በሌላው «ውጤት» ይጽፋሉ። ከባድ እጅ ባለፈ ቁጥር ውጤቱን ከመጻፋቸው በፊት ዋጋውንና ዕድሉን አስልተው ውሳኔውን ያርማሉ፤ እንደ ተማሪ ፈተና ራይት ወይም ኤክስ ያደርጉበታል። ባለፈው ቅዳሜ በውሳኔው በኩል አሥራ አንድ ራይትና አንድ ኤክስ ነበራቸው። ሦስት ጊዜ ከአምስት አንዴ የሚመጣው ካርታ መጥቶባቸው ቦሎቄያቸው አለቀ።

እሁድ ጠዋት እህቴ ደረጃው ላይ ጀሪካን ይዘው አግኝታቸው «ጋሼ፣ በሞቴ ይስጡኝ» አለቻቸው። «ተይ ልጄ፣ ይሄ ሦስተኛው ነው፤ ሁለት ይቀረኛል» ብለው ወደ ላይ ቀጠሉ። ደብተሩ በኮት ኪሳቸው ነበር።