የብሪታንያ ልብ ወለድና የዝነኞች ግለ ታሪክ ስናነብ የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

ትልቁ ስህተት ተራኪውን እንዳለ ማመን ነው። የካዙዎ ኢሺጉሮን «ዘ ሪሜይንስ ኦፍ ዘ ዴይ» (እ.ኤ.አ. 1989) ውሰዱ። የሚተርክልን ስቲቨንስ የአንድ ሎርድ ቤት አሽከሮች አለቃ ነው። ሥርዓት አዋቂ፣ ንግግሩ የተመዘነ። አባቱ ፎቅ ላይ ሲሞቱ እሱ ታች ለእንግዶች መጠጥ ይቀዳል። ስለ ሐዘኑ ትንፍሽ አይልም። ማልቀሱን የምናውቀው ጌታው «የምታለቅስ ትመስላለህ» ዓይነት ነገር ሲለው ነው። ስቲቨንስ ቶሎ ፊቱን ይጠርግና ሥራው አድክሞኝ ነው ይላል። በቃ፣ አለፈ።

እዚህ ጋ ተራኪውን ያመነ አንባቢ «ደረቅ መጽሐፍ ነው፣ ምንም አይፈጠርበትም» ብሎ ይዘጋዋል። ሰምና ወርቅ ሲሰማ ላደገ ሰው ግን ይሄ ሊከብድ አይገባም። ጌታው ሎርድ ዳርሊንግተን በ1930ዎቹ ለናዚ ጀርመን ያደላ ሰው ነው። ስቲቨንስ እሱን ባሞገሰ ቁጥር ዕድሜውን ሙሉ ለማን እንዳገለገለ ላለማየት እየታገለ ነው። የሚለውን ብቻ ሳይሆን የሚዘለውን ተከታተሉ።

ወደ ዝነኞቹ ስንመጣ ደግሞ፣ ሽፋኑ ላይ ስሙ ያለው ሰው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ራሱ የጻፈው ይመስለናል። የልዑል ሃሪ «ስፔር» በጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ በብሪታንያ፣ በአሜሪካና በካናዳ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ1.4 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ጽሑፉን የሠራለት ጄ. አር. ሞሪንገር የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነው። የቴኒስ ተጫዋቹን የአንድሬ አጋሲን «ኦፕን»ም የጻፈው እሱ ነው። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ የታወቀ ሙያ ነው። ስለዚህ አንድ ትዕይንት ልክ እንደ ፊልም አምሮ ሲዘጋ፣ ያሳመረው ማን እንደሆነ ማሰብ ይጠቅማል።

«ሌላ ሰው ከጻፈው ውሸት ነው» ማለትም ያው ስህተት ነው። ትዝታው የባለቤቱ ነው። ግን የአንድ ሰው ትዝታ ነው። ወንድሙ ዊልያም የራሱን መጽሐፍ እስኪያወጣ ድረስ (ያወጣል ብዬ አልጠብቅም) የሰማነው የአንድ ወገን ክስ ብቻ ነው።

የሌላውንም ወገን ድምፅ የሚያሰማ ግለ ታሪክ ከፈለጋችሁ የለምን ሲሳይን «ማይ ኔም ኢዝ ዋይ» (እ.ኤ.አ. 2019) አንብቡ። ገጣሚው ከኢትዮጵያዊት እናት እ.ኤ.አ. በ1967 እንግሊዝ ውስጥ ተወልዶ በአሳዳጊ ቤተሰብና በሕፃናት ማሳደጊያዎች ነው ያደገው። ኖርማን እያሉ ይጠሩት ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ባለሥልጣናት ስለ እሱ የጻፏቸው ደብዳቤዎችና ሪፖርቶች ገብተዋል። ብዙ ሰው እነዚያን ገጾች ይዘልላል። አትዝለሉ። የመሥሪያ ቤቱ ቀዝቃዛ ቋንቋና የልጁ ትዝታ ሲጋጩ ነው መጽሐፉ ሙሉ የሚሆነው።

በብሪታንያ ለምርጥ ልብ ወለድ የሚሰጠውን የቡከር ሽልማት ስላገኘ ብቻ ደራሲውን ብሪታንያዊ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በእንግሊዝኛ ጽፎ እዚያ ያሳተመ የየትኛውም አገር ሰው መወዳደር ይችላል። በ2016 ያሸነፈው ፖል ቢቲ አሜሪካዊ ነው። ተሸላሚ ሁሉ ወፍራም ነው ብላችሁም አትሽሹ፤ የ2024ቱ «ኦርቢታል» 150 ገጽ እንኳ አይሞላም።

በየቃሉ መዝገበ ቃላት መግለጥም ንባብ ይገድላል። የዳግላስ ስቱዋርት «ሸጊ ቤይን» በስኮትላንዷ ከተማ በግላስጎው ሰዎች አነጋገር የተሞላ ነው፤ እንግሊዞቹንም ግራ ያጋባል። ከቃላቱ ይልቅ በ1980ዎቹ፣ በጠቅላይ ሚኒስትር ታቸር ዘመን፣ ማዕድን ማውጫውና ፋብሪካው ሲዘጋ ሠራተኛው ምን እንደደረሰበት ቀድሞ ማወቅ ይበልጣል። የበርናርዲን ኢቫሪስቶን «ገርል፣ ውማን፣ አዘር» ስትከፍቱ ደግሞ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋ ነጥብ የሚባል ነገር ብዙም አታገኙም። የኅትመት ስህተት መስሏችሁ እንዳትመልሱት። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ይለመዳል።