የውድድር ሰሞን የፈረስ ቆዳ ችግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው (ለጅማ ባለፈረሶች)

የጉግስና የሩጫ ወቅት ሲደርስ ጅማ ውስጥ ያለ ባለፈረስ ሁሉ ዶክተር ይሆናል። አንዱ የተቃጠለ ዘይት ቀባው ይላል፣ አንዱ አመድ፣ አንዱ ደሞ የተፈጨ ቡና ነስንስበት (ጅማ ነን እና ቡና ለማይሆነው ነገር የለም)፣ ፋርማሲ የሄደው ሶስት አይነት ቅባት ይዞ ይመጣና ሁሉም በአንድ ሳምንት እዛ ምስኪን ጀርባ ላይ ያልቃል፣ ከዛ ቆዳው ሲቆጣ የትኛው እንዳስቆጣው ማን ያውቃል? እኔ ጋ ያለው ጨው፣ ቤታዲን፣ ክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ መድሃኒት) ያለበት ማጠቢያ፣ ቫዝሊን፣ ንፁህ ጨርቅ ነው። በቃ። በየቀኑ ከስራ በኋላ ያው ነገር በያው ቅደም ተከተል፣ ውድድር ሲቃረብ ደሞ አዲስ ነገር ቆዳው ላይ አይሞከርም።

ጀርባው ላይ ፀጉሩ ተነሳ፣ አበጠ፣ ሲነኩት ይሸሻል

ገጣባ እየጀመረው ነው። ምክንያቱ ኮርቻው ነው እንጂ ቆዳው አይደለም፣ ስለዚ ቅባት ብቻውን ምንም አይሰራም። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከልምምድ መልስ ኮርቻውን ስታወርዱ ቶሎ አታብሱት፣ ላቡን እዩት። ጀርባው ሁሉ ረጥቦ መሃል ላይ መዳፍ የምታክል ደረቅ ቦታ ካለች ብዙ ጊዜ ኮርቻው የሚጫነው እዛ ጋ ነው። ጥቁር ወይ ቡላ ፈረስ ላይ ትከሻው አካባቢ ነጭ ፀጉር ጣል ጣል ብሎ ካያችሁ ደሞ የድሮ ጫና ምልክት ነው፣ ፈረስ ስትገዙም እዩት።

መፍትሄው፦ ቁስሉ እስኪድን ኮርቻ የለም። አውቃለሁ፣ ውድድር አለ፣ ግን የለም። ብርድልብስ አጥፎ መደረብ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፣ ኮርቻው ጠባብ ከሆነ ግን ይብስ ያጠብቀዋል። አንድ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ 9 ግራም ጨው (ወደ አንድ ተኩል ልሙጥ የሻይ ማንኪያ) ጨምሩበት፣ ሲቀዘቅዝ እሱን ቀስ አድርጎ ማፍሰስ። ቤታዲን ከሆነ 10 በመቶ የሚለውን ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር በአንድ ሊትር ውሃ፣ ሳይቀጥን ቁስል ላይ አይደፋም። አልኮልና ኦክስጅን ውሃ (ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ) አዲስ እያደገ ያለውን ስጋ ይጎዳል፣ ተዉት። ቫዝሊን ቁስሉ ላይ ሳይሆን ከስሩ ባለው ጤነኛ ቆዳ ላይ ነው የሚቀባው፣ የሚወርደው ፈሳሽ እንዳያቆስለው። ሆዱ ስር የሚያልፈው ጠፍር ላይ የደረቀ ላብና ጭቃ ካለም ያው ገጣባውን ያመጣል፣ ማጠብ ነው።

ከዝናብ በኋላ ጀርባውና ዳሌው ላይ ቅርፊት

በጣት ስትነኩት ይሻክራል፣ አንዷን ብታነሱ ፀጉሩ ከነቅርፊቱ እንደ ቀለም ብሩሽ ተሰብስቦ ይወጣል፣ ስሩ ሮዝና እርጥብ ነው። ደርማቶፊለስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ ቆዳው ርሶ ሲከርም ነው የሚገባው፣ እና ጅማ በጋውም ዝናብ አያጣውም ስለዚ ክረምቱ ወጣ ብላችሁ አትዘናጉ። እዚህ ላይ ዘይትና ቅቤ መቀባት ትልቅ ጥፋት ነው፣ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። 2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ባለበት ማጠቢያ አረስርሳችሁ 10 ደቂቃ ያህል ተዉት፣ የለቀቀውን ቅርፊት ብቻ አንሱ፣ ያልለቀቀውን አትቦጭቁ፣ ከዛ በደንብ አድርቁት፣ ጣራ ስር ይደር። ቅርፊቱን ግቢ ውስጥ አትበትኑ።

ክብ ክብ እያለ ፀጉሩ ከረገፈ ግን ያ ጭርት ነው፣ ፈንገስ ነው፣ በብሩሽና በግላስ ከፈረስ ወደ ፈረስ ይሄዳል፣ ሰውም ይይዛል። እጅ መታጠብ፣ ለየፈረሱ የራሱ ብሩሽ።

ሰኮናው ይሸታል፣ ጥቁር ነገር ይወጣዋል

ፍግና ጭቃ ላይ ስለሚቆም ነው። በየቀኑ መጥረግ፣ ደረቅ ቦታ ማቆም፣ ስንጥቁን በቤታዲን በተነከረ ጥጥ ማፅዳት። እስኪደማ አትቆፍሩ። ካነከሰ ሐኪም።

ማሸት ከተደረገለት በኋላ እግሩ ጋለ፣ ቆዳው ተላጠ

የሰው ወገብ ማሻ ቅባት ተቀብቶ ላዩ ላይ በፋሻ ታስሮበታል ማለት ነው። የሚያሞቁት ቅባቶች አንዳንዶቹ ውስጥ ካፕሳይሲን አለ፣ ሚጥሚጣን እንዲያቃጥል የሚያደርገው ያው ነገር፣ ሲታሰርበት አስቡት። በለብታ ውሃና ለስላሳ ሳሙና አጥባችሁ ክፍት ተዉት። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ በ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) የቤጂንግ ኦሎምፒክ ፈረሶች በካፕሳይሲን ተይዘው ኖርዌይ በቡድን ዝላይ ያገኘችውን ነሐስ ተነጥቃለች። እኛ ጋ መርማሪ የለም፣ ፈረሱ ግን ያው ፈረስ ነው።

እግሩ ወይ ደረቱ ላይ ተደርድረው የወጡ እብጠቶች፣ ፈንድተው መግል የሚያወጡ

ይሄን በቤት አትሞክሩት። ኤፒዞኦቲክ ሊምፋንጃይቲስ ሊሆን ይችላል፣ በፈንገስ የሚመጣ፣ እንደኛ አይነት ሞቃትና እርጥብ ወይናደጋ የሚወድ፣ ጋሪ ፈረሶች ላይ የበዛ። በቁስል ይገባል፣ ዝንብና የጋራ እቃ ያዛምተዋል። ትንሽ እያለ ከተያዘ ተስፋ አለው፣ ከተስፋፋ በኋላ በጣም ከባድ ነው። ፈረሱን ለዩት፣ ውድድሩን እርሱት፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ህክምና ኮሌጅ እያለ እኛ አመድ ስንነሰንስ መዋል የለብንም። ልጓሙንና ኮርቻውን ደሞ ለሌላ ፈረስ እንዳታውሱ፣ ጎረቤት ቢቀየምም ይቀየም።